የ«ዴዝ» ባንድ ሁለተኛ አልበም፦ ፍጥነቱ ቀነሰ ወይስ ቅንብሩ በሰለ?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)
ጤና ይስጥልኝ። የፍሎሪዳው የዴዝ ሜታል (በከባድ ጊታርና በሻካራ የጉሮሮ ጩኸት የሚታወቀው የሮክ ዓይነት) ባንድ «ዴዝ» እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣውን «ስክሪም ብለዲ ጎር»ን እና በ1988 ያስከተለውን «ሌፕረሲ»ን («የሥጋ ደዌ» ማለት ነው) ጠባሴ ሰፈር ከጓደኞቼ ጋር አከታትለን ስናዳምጥ ክርክር ተነሣ። እነርሱ ሁለተኛው እሳቱ የበረደ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ጊታሩ ከበድ ያለ፣ የዘፈኖቹም አካሄድ የታሰበበት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዋናው ደራሲና ድምፃዊ ቻክ ሹልዲነር በሁለቱም ላይ እያለ ይህን ለውጥ ያመጣው ምንድን ነው?

መልስ (ከደብረ ሲና)
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማን እንደተጫወተ እንይ። በፊተኛው አልበም ጊታሩንም ቤዙንም ድምፁንም የሠራው ሹልዲነር ሲሆን፣ ከበሮውን የመታው ክሪስ ራይፈርት ነበር፤ በሁለተኛው ጊታሪስቱ ሪክ ሮዝና ከበሮ መቺው ቢል አንድሩስ ገብተዋል። ቀረጻውም ታምፓ በሚገኘው በሞሪሳውንድ ስቱዲዮ ሆኗል። ከበሮውን ለይታችሁ ብትሰሙት፣ እያንዳንዱ ምት ጣርማበር ዋሻ ውስጥ የተመታ ይመስል አስተጋብቶ ይመለሳል፤ የክብደቱ ስሜት በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)
ስለ ቀረጻው የተባለው ትክክል ነው፤ ለእኔ ግን ትልቁ ለውጥ ቅንብሩ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሸክላ 10 ዘፈኖች ሲይዝ ሁለተኛው በተቀራራቢ ርዝመት 8 ብቻ ስለያዘ፣ ለአንዱ ዘፈን የሚደርሰው ጊዜ ሰፍቷል። የአልበሙን ስም የያዘው የመክፈቻ ዘፈን ከ6 ደቂቃ በላይ የሚሄድ ሲሆን፣ ረገጥ ረገጥ በሚል ከባድ ምት ጀምሮ መሐል ላይ ሲደርስ ይጋልባል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ተራውን ይጠብቃል እንጂ አልጠፋም። ግጥሙም አብሮ ተለውጧል። ፊተኛው ከአስፈሪ ፊልሞች በተቀዳ የሬሳና የደም ትዕይንት የተሞላ ነበር፤ ሁለተኛው ግን በሥጋ ደዌ ስለሚማቅቅ ሰው፣ በመሣሪያ ብቻ በሕይወት ቆይቶ መሞትን ስለሚለምን በሽተኛ ይናገራል። እንዲህ ያለውን ጭንቅ ከዳር እስከ ዳር በግልቢያ ማሰማት አይቻልም ብዬ አምናለሁ።

መልስ (ከመሐል ሜዳ)
በቅንብሩ እስማማለሁ፤ ሆኖም በስሏል ለማለት እቸገራለሁ። የሪክ ሮዝ ሶሎዎች (ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትባቸው ክፍሎች) ድምፁን የሚያወዛውዘውን የጊታሩን ዘንግ እየጫኑ ማስጮህ ስለሚያበዙ፣ ሹልዲነር ዜማ ይዞ ሲገባ ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል። ባንዱ በ1991 ባወጣው «ሂውማን» ላይ ጊታሪስቱም ከበሮ መቺውም ሌሎች ናቸው፤ የበሰለውን ቅንብር የምሰማው እዚያ ነው። ጓደኞችህን ሦስቱንም በተከታታይ አሰማቸው።