ኬሞ ላይ ላለች እናቴ ክራር የሚጫወት ሰው ልውሰድላት?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ለጡት ካንሰር ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ላይ ናት። ሆስፒታሉ ጊታር ይዛ በየክፍሉ የምትዞር የሙዚቃ ቴራፒስት አለችው። እማዬ ግን እንግሊዝኛ አትችልም፣ ዘፈኖቹንም አታውቃቸውም፣ ልጅቷ ስትገባ ፊቷን ታዞራለች። ክራር የሚጫወት ዘመድ አለን። ብወስደው ይጠቅማታል ወይስ ያደክማታል? ደግሞ ጾም ነው፣ በጾም ዘፈን አትሰማም። በስልክ ብከፍትላትስ ያው አይደለም?

የካንሰር ክፍል ነርስ
እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ሙዚቃ ዕጢውን አያጠፋም፣ ኬሞውንም አይተካም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ግምገማ 81 ጥናቶችን አይቶ ለአዋቂ ታማሚዎች ጭንቀትን፣ ሕመምንና ድካምን ሊያቀል ይችላል ብሏል፣ ማስረጃው ገና ጠንካራ ባይሆንም።

ስልክና ሰው ግን አንድ አይደሉም። ስልኩ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ሰው ሲጫወት ፊታቸውን እያየ፣ ትንፋሻቸውን እየተከተለ ያዘገያል፣ ሲያቅለሸልሻቸው ያቆምና አብሯቸው ይቀመጣል። ቴራፒስቷ የተማረችው ይህንኑ ነውና አትመልሷት። እናትሽ የሚወዱትን ዜማ አንጎራጉሪላት፣ ቋንቋውን ባታውቅም በጊታሯ ትከተልሻለች።

ዘመድሽን ከመውሰድሽ በፊት ነርሶቹን ጠይቂ። በሽታ የሚከላከልላቸው ነጭ የደም ሴላቸው ዝቅ ባለበት ሰሞን ጉንፋን የያዘው ሰው ባይገባ ይሻላል። እጁን ይታጠብ፣ ክራሩንም ይወልውል።

በገና ተማሪ
ጾም ከሆነማ በገና ነዋ! በዐቢይ ጾም የሚደረደረው እሱ ነው። 10 አውታር አለው፣ የእንዝራው (አውታሩን የሚያነዝረው ቁራጭ ቆዳ) ንዝረት ወፍራምና ዝግ ያለ ስለሆነ አልጋ አጠገብም አይረብሽም። ግጥሙን ግን አስቡበት። ብዙው የበገና መዝሙር ስለ ሞትና ስለዚህ ዓለም ከንቱነት ነው፣ አንዱን የሚያጽናናው ሌላውን ያስደነግጣል። አንቺ አትወስኚላቸው፣ እሳቸውን ጠይቂ።

የአዲስ አበባ ልጅ
እኔም አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ መድኃኒቱ እየገባለት የሚወደውን ዘፈን እንከፍትለት ነበር። በኋላ ያንን ዘፈን ሲሰማ ማቅለሽለሹ ይመለስበት ጀመር። በጣም የምትወደውን ለደህና ቀኗ አቆዪላት።

ጠያቂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እማዬን ጠየቅኳት። «በገናው ይምጣ፣ ስለ ሞትም ይዘምር፣ እኔ አልፈራም፤ ልጅቷም ትግባና ትስማ» አለች። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በገና ደርዳሪ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።