ወንድሜ የአናጢዎች ዩኒየን ይግባ ወይስ ይቅርበት? (ሲያትል አካባቢ)

ጥያቄ፦ የሬንተኗ እህት

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ በዲቪ መጥቶ እኛ ጋ ሬንተን ነው ያለው። አዲስ አበባ እያለ ሥራው ካሳፎርማ (ኮንክሪት የሚፈስበትን ቅርጽ መሥራት) ነበር፣ የኮለንም (የምሰሶ) የሶሌታም (የወለል)። አሁን ቤት ለሚያድስ አንድ ኮንትራክተር በጥሬ ገንዘብ ይሠራል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ቤት ይውላል፣ መድን የለው፣ ምን የለው። በቅርቡ አንድ ሰው «የአናጢዎች ዩኒየን ግባ» ብሎ መከረው። አባታችን ደግሞ ከአገር ቤት እየደወለ «ማህበር የሚባል ነገር ውስጥ እንዳትገባ» ይለዋል። ይሄ ዩኒየን ከየት የመጣ ነው? መዋጮው ያዋጣል? ለእኛ ለሐበሻውስ የሚጠቅመው ነገር አለ? የምታውቁ ንገሩኝ።

መልስ፦ ቱምቢ

እህቴ፣ እኔ ውስጡ ነኝ። አገር ቤት የሠራተኛ ማህበር በአብዛኛው የድርጅት ነው፤ ከፋብሪካው የወጣ ሰው ከማህበሩም ወጣ ማለት ነው። ይሄኛው የሙያ ነው። ወንድምሽ አባል የሚሆነው በአናጢነቱ እንጂ የእገሌ ኮንትራክተር ሠራተኛ ስለሆነ አይደለም። አንዱ ሕንፃ ሲያልቅ በማህበሩ ቅርንጫፍ፣ «ሎካል» በምንለው፣ የሥራ ፈላጊዎች ዝርዝር ላይ ስሙን ያስገባል፤ ሲደወልለት ወደ ሌላው ይሄዳል። አሠሪ ቢቀያይርም ጡረታው አይቋረጥም። የጤና መድኑ ግን በሠራው ሰዓት ነው የሚያዘው። ረጅም ጊዜ ሥራ ከፈታ መድኑም ይቆማል፣ ይህን ከወዲሁ ይወቀው።

ለማህበሩ የሚከፍለው ሦስት ዓይነት ነው፦ የመግቢያ፣ የወር፣ እና በሰዓት ከሚያገኘው ደመወዝ ላይ የሚቆረጥ። ሦስቱንም በወረቀት እንዲሰጡት ይጠይቅ። በቃል የተነገረው አይበቃም።

ልምዱን ደግሞ አይደብቅ። ከዜሮ ለሚጀምር አፕረንቲስ (እየሠራ የሚማር ሠልጣኝ) ሥልጠናው 4 ዓመት ነው፣ ክፍያውም የሙሉ ባለሙያው መቶኛ ሆኖ በየደረጃው እያደገ ይሄዳል። የሠራ እጅ መሆኑን ካዩ ግን ከፍ ካለ ደረጃ ሊያስጀምሩት ይችላሉ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ካለው ያስተርጉመው፣ ስልኩ ውስጥ ያሉትን የሥራ ፎቶዎችም ይዞ ይሂድ።

ከሁሉ በፊት ግን ኢንች ይልመድ! ካሳፎርማውን አያጣውም። እዚህ ትልልቁ ሥራ በክሬን የሚነሳ ተገጣጣሚ ፓነል ስለሆነ እንዲያውም ይቀለዋል። የሚያስቸግረው መለኪያው ነው። ከላይ ሆኖ «ሰባት ከአምስት ስምንተኛ» ብሎ የሚጮህ ሰው አለ፤ አንተ ታች መጋዙ አጠገብ ቆመህ በቴፑ ላይ ካሉት ትንንሽ መስመሮች አምስት ስምንተኛው የትኛው እንደሆነ ስትቆጥር ፎርማኑ ያይሃል። በሴንቲሜትር ያደገ ሰው ሁሉ እዚያች ጋ ይንገዳገዳል።

መልስ፦ የቀድሞ መምህር

አባታችሁ አይፈረድባቸውም። ደርግ በንጉሡ ጊዜ የተቋቋመውን የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን አፍርሶ ለራሱ የሚታዘዝ ማህበር በምትኩ ሲያቆም ያየ ትውልድ «ማህበር» ሲባል ቢደነግጥ አይገርምም። የዚህኛው ታሪክ ግን ሌላ ነው።

ይህ ዩኒየን፣ የአሜሪካ አናጢዎች ወንድማማችነት፣ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1881 ቺካጎ ላይ ነው። ዋናው መሥራች ፒተር ማጓየር ከአየርላንድ ስደተኞች የተወለደ የኒውዮርክ ልጅ ነበር። በዚያ ዘመን በርና መስኮቱ ከፋብሪካ ተሠርቶ መምጣት ጀምሮ ነበር፤ ቤቱን ከመሠረት እስከ ጣሪያ ይሠራ የነበረው አናጢ ሥራው ተቆራርሶ በቁርጥ ዋጋ ለርካሽ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ማህበሩ የተነሳው ይህን ለመመከት ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 የአሜሪካ የሠራተኞች ፌዴሬሽን በሜይ 1 ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲነሳ፣ ከፊት እንዲወጡ የመረጠው አናጢዎቹን ነበር። በሴፕቴምበር የመጀመሪያ ሰኞ የምናርፍበትን ሌበር ዴይን ያመነጨው ማጓየር ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ሌሎች ደግሞ «ማቲው ማጓየር የተባለው የማሽን ባለሙያ ነው» ይላሉ፤ የስማቸው መመሳሰል ክርክሩን ሳያባብሰው አልቀረም።

ነውሩም ይነገር። በደቡብ ስቴቶች ጥቁር አናጢዎችን ለብቻ በተለየ ሎካል ያደራጅ የነበረው ይኸው ማህበር ነው።

ሲያትልም የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1919 ወደ 65,000 የሚጠጋ ሠራተኛ ከ6 እስከ 11 ባሉት ቀናት ከተማዋን አቆማት፤ አናጢዎችም አብረው ወጡ። እኔን የሚደንቀኝ አድመኞቹ ራሳቸው የሕዝብ ምግብ ቤት ከፍተው ሰው ማብላታቸው፣ ለሕፃናትም ወተት እንዳይቋረጥ ማከፋፈያ ማቋቋማቸው ነው።

አሁን ስላለው አሠራር ደግሞ፦ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ፣ ዳግላስ ማካሮን ፕሬዚዳንት በሆኑበት ጊዜ፣ ትንንሾቹ ሎካሎች በትልልቅ የክልል ምክር ቤቶች ሥር ተጠቃለሉ። ኮንትራክተሩ ከስቴት ስቴት ስለሚሠራ ማህበሩም መስፋት አለበት ነበር ምክንያቱ። የሲያትሉ ዛሬ ዋና ጽሕፈት ቤቱ ሎስ አንጀለስ በሆነው የምዕራብ ስቴቶች ምክር ቤት ሥር ነው። ተራው አባል ተወካይ ይመርጣል፣ መሪውን የሚመርጡት ተወካዮቹ ናቸው። እኔ በበኩሌ ይሄ አልጣመኝም፤ የመደራደር ጉልበት ተገኝቶበታል፣ የአባሉ ድምፅ ግን ርቋል። ስለዚህ ከገባ የሎካሉን ስብሰባ አይቅር።

መልስ፦ ትንሽ ኮንትራክተር

ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ትልልቅ ሕንፃ ነው። ዩኒየኑ ያለው ሆስፒታል፣ ድልድይና ባቡር መስመር ላይ ነው። ኩሽና ማደስ፣ ዴክ (ከቤት ውጭ ያለ የእንጨት ወለል) መሥራት፣ እዚያ የለም ማለት ይቻላል። ልጁ ነገ የራሱን ላይሰንስ አውጥቶ መሥራት ካሰበ መንገዱ ሌላ ነው። ከገባ በኋላ ዩኒየን ላልሆነ ኮንትራክተር እየሄደ መሥራትም አይችልም፣ ይጠየቅበታል። አድማውስ? እ.ኤ.አ. በ2021 እንዴት እንደነበር ረሳችሁት? የቤት ኪራይ አድማ አያውቅም።

መልስ፦ ቱምቢ

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ነጥብህ ልክ ነው። 2021ን ግን እንዳለ እንናገረው። አባላቱ በድርድር የመጣላቸውን ስምምነት አራት ጊዜ ጣሉት፣ በሴፕቴምበር 16 ሥራ አቆሙ። አንዱ ጥያቄ ፓርኪንግ ነበር፤ ዳውንታውን ሕንፃ የሚሠራ ሰው መኪናውን ለማቆም በየቀኑ ከኪሱ ይከፍል ነበር። ደግሞም ሁሉም አልወጣም። «አድማ የለም» የሚል አንቀጽ ባለበት ውል የሚሠራው፣ ለምሳሌ ትልልቁ የሕዝብ ፕሮጀክት ላይ ያለው፣ ሥራውን ቀጠለ።

መልስ፦ አፕረንቲሷ

የኔ እህት፣ «ለሐበሻው ምን ይጠቅማል» ላልሽው፦ እኔ የገባሁት ቱምቢ ባነሳው ዓይነት ውል ነው። አድማውን ያገደው ውል ለሰፈራችን ሰው በር ይከፍታል፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚመጡት። የሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ቅድሚያ ቅጥር የሚባል ደንብ አለ። በከተማው ገንዘብ በሚሠሩ ትልልቅ ግንባታዎች ላይ፣ ኑሮ ከከበደባቸው ዚፕ ኮዶች ለሚመጡ ሰዎች ቅድሚያ ይሰጣል። የኪንግ ካውንቲ ዚፕ ኮዶችም ስላሉበት የሬንተኑ አድራሻችሁ መኖሩን አጣሩ። ዩኒየኖቹ ያንን ውል ስለፈረሙ ከዝርዝር ሰው ሲልኩ ይህንኑ ማክበር አለባቸው። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ስለዚህ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም፣ ያናድደኛል። ስንቱ ልጅ ሙያ እያወቀ በኡበር ወገቡን ይጎዳል!

በቀጥታ ማመልከት ካስፈራው ሴንትራል ዲስትሪክት የሲያትል ሴንትራል ኮሌጅ የእንጨት ሥራ ማዕከል አለ፤ እዚያ የቅድመ አፕረንቲስ ሥልጠና ይጠይቅ። የአናጢዎቹ የራሳቸው ማሠልጠኛ ኬንት ነው። ከገባ በኋላ በየጥቂት ወሩ ለሳምንት ያህል እዚያ ይማራል፤ ያ ሳምንት ብዙ ጊዜ ደመወዝ ስለሌለው አስቀድሞ ይቆጥብ። የእጅ መሣሪያውንም የሚገዛው ራሱ ነው።

የሬንተኗ እህት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ለአባታችን የመምህሩን መልስ አነብለታለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ መኪና የለውም፣ በአውቶቡስ ይሆንለታል?

ቱምቢ

አይሆንለትም። ሥራ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ ዛሬ ኤቨረት የነበረ ነገ ታኮማ ሊላክ ይችላል። ከማመልከቻው በፊት መንጃ ፈቃዱን ያውጣ።