የቡና ኤክስፖርት በግራቪቲ ሞዴል፦ ርቀት ለምን ምንም አላሳየኝም?

ሰላም ዘጅማ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌ የኢትዮጵያ ጥሬ ቡና ለየትኛው አገር ለምን ያህል እንደሚሸጥ በግራቪቲ ሞዴል ማየት ነው። ሞዴሉ የኢኮኖሚክስ ሊቁ ያን ቲንበርገን እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረበው ነው፦ የሁለት አገሮች ኢኮኖሚ በተለቀ ቁጥር ንግዳቸው ይጨምራል፣ በተራራቁ ቁጥር ይቀንሳል። የገዢው አገር ጂዲፒ (ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት) እንደተጠበቀው ወጣ። ርቀት ግን ምንም ትርጉም የለውም ይለኛል። ቅርባችን ያሉት ኬንያና ኡጋንዳ እዚህ ግባ የሚባል ግዢ የላቸውም፤ ጀርመን፣ አሜሪካና ጃፓን ግን በገፍ ይገዛሉ። ግዢ የሌለባቸውን (ዜሮ የሆኑትን) ዓመታት ሎግ (ሎጋሪዝም) ስለማይወሰድላቸው አውጥቻቸዋለሁ። አማካሪዬ «ታሪፍ (የገቢ ቀረጥ) ጨምሪበት» ብለውኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ፓናል ዳታ
ዜሮዎቹን መልሺያቸው። ማን እንዳልገዛ ማወቅም መረጃ ነው። የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎቹ ሳንቶስ ሲልቫና ቴንሬይሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳዩት ፖይሰን በሚባለው የስታቲስቲክስ ዘዴ ብትሠሪው ሎግ መውሰድ ሳያስፈልግሽ ዜሮዎቹም ይገባሉ። ታሪፍ ብዙም አይረዳሽም፤ ጥሬ ቡና የአውሮፓ ኅብረትም ጃፓንም ሲገባ ቀረጥ የለበትም። ኬንያና ኡጋንዳ ደግሞ ራሳቸው ቡና አብቃይ ናቸው፤ ቅርብ ቢሆኑም ከእኛ የሚገዙበት ምክንያት የለም።

የኬሻው ሰው
እህቴ፣ እኔ የኢኮኖሚክስ ባለሙያ አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ላኪ ድርጅት ውስጥ ኮንትራት በማስመዝገብና ኮንቴይነር በማስጫን ነው። የምጽፍልሽ ከዚያ ያየሁትን ነው።

ዳታሽ ላይ ያለው ርቀት ከዋና ከተማ ዋና ከተማ ይመስለኛል። ለጀርመን የሚሄደው ቡና ግን በርሊን አይራገፍም፤ ሃምቡርግ ወይም ብሬመን ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ የሚከብደው ባሕሩ አይደለም። ከጅማ ወይም ከይርጋ ጨፌ አዲስ አበባ፣ ተበጥሮ ተለቅሞ በጭነት መኪና እስከ ጅቡቲ፤ ወጪውም መዘግየቱም እዚያ ላይ ነው። መርከብ ላይ ከወጣ በኋላ ጥቂት ሺህ ኪሎሜትር ቢጨመር በኪሎ ሲካፈል ትንሽ ነገር ነው። የየብሱ መንገድ ለሳዑዲው ገዢም ለጃፓኑም ያው አንድ ነው፤ ታዲያ ርቀት በገዢዎች መካከል ምን ልዩነት ያሳይሽ?

ጃፓንን ለብቻ እዪው። እ.ኤ.አ. በ2008 ቡናችን ውስጥ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘ ተባለና ግዢያቸው አሽቆለቆለ። ምንጩ ሲፈለግ ጣት የተቀሰረው ገበሬው ማሳ ላይ ሳይሆን ኬሻው ላይ ነበር። ርቀቱም ታሪፉም እንደነበረ ነው፣ ንግዱ ግን ወደቀ። ከዚያ በኋላ ባዶ ኬሻ ሲራገፍ አፉን ከፍተን እያሸተትን ነበር የምንቀበለው፤ ዘይት ዘይት ወይም መድኃኒት መድኃኒት ከሸተተ ይመለሳል። ለዚህ ነገር በቀመርሽ ውስጥ ቦታ ስጪው።

ትልቁ ግን የውጭ ምንዛሬው ነው። በኒውዮርክ የቡና ገበያ ከሚያወጣው በላይ ከፍሎ እዚህ አገር ቤት ገዝቶ፣ ውጭ አሳንሶ የሚሸጥ ላኪ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚፈልገው ዶላሩን ነው፤ በቡናው የከሰረውን ጎማ ወይም ብረት አስመጥቶ ይመልሰዋል። ቡና ብቻ የሚሠራው ሰው ግን በምን ይመልሰው? ስንቱ ጨዋ ነጋዴ በዚህ ከገበያ ወጣ! ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ያለውን ዓመት ሁሉ ይህን ሳታስገቢ ብትጽፊው፣ የጻፍሽው የሌላ አገር ቡና ነው።

ሰላም ዘጅማ
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን አንድም ያነበብኩት ጽሑፍ ላይ አላገኘሁትም። በባንክና በጥቁር ገበያ ዋጋ መካከል ያለውን ክፍተት እንደ አንድ ተለዋዋጭ ባስገባውስ?

ፓናል ዳታ
ላኪ አገር አንድ ብቻ ከሆነ ችግር አለው። ክፍተቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሁሉም ገዢ እኩል ስለሆነ፣ የዓመት ዳሚ (ለእያንዳንዱ ዓመት የሚገባ 0 ወይም 1 የሆነ መለያ) ስትጨምሪ ይዋጣል። ብራዚልን፣ ኮሎምቢያንና ኡጋንዳን በላኪነት አስገቢ፤ ያኔ በላኪዎች መካከል ልዩነት ታገኛለሽ። ሌሎቹ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች አንደርሰንና ቫን ዊንኩፕ እ.ኤ.አ. በ2003 የጻፉትም ወደዚህ ይወስድሻል፦ ጃፓን ከእኛ የምትገዛው ከብራዚል ምን ያህል በቀላሉ እንደምታገኝ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ጋሼ ያነሱትን ለማየት ደግሞ መጠኑን ብቻ ሳይሆን በኪሎ የተሸጠበትን ዋጋ ከኒውዮርኩ ጋር አስተያዪ።

የኬሻው ሰው
ዋጋውን ስታስተያዪ የታጠበውንና ያልታጠበውን ለይተሽ ያዢ፣ አለበለዚያ ልዩነቱ የምንዛሬ ይሁን የጥራት አታውቂውም። አንድ ነገር ልጨምር፦ የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው፣ የገዢዎቹ ዳታ ደግሞ በጃንዋሪ። የጃፓኑ ነገር በእኛ አቆጣጠር ሁለት ዓመት ላይ ተከፍሎ ይወድቅብሻል። የጉምሩኩን በወር የተከፋፈለውን ጠይቂ።