አፍሪካንስ የማን ቋንቋ ነው? ልጆቻችን ይማሩት ወይስ ይቅርባቸው?

አስተባባሪ፦ ሰላም ወገኖች። ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ ወላጆች ደጋግማችሁ ያነሳችሁትን ጉዳይ ዛሬ እንክፈተው። ልጆቻችን በእንግሊዝኛ ቢማሩም አንድ ተጨማሪ ቋንቋ መያዝ አለባቸው። ጆበርግ (ጆሃንስበርግ) ብዙ ጊዜ ምርጫው አፍሪካንስ ወይ ዙሉ ነው፤ ኬፕታውን ደግሞ አፍሪካንስ ወይ ኮሳ። ከደች (ከሆላንድ ቋንቋ) የወጣውን አፍሪካንስን እንምረጥ ወይስ እንተወው? ስድብ ክልክል ነው፤ የአገር ቤት ፖለቲካም እንዲሁ።

የጆበርጉ፦ ይሄ ምን ያከራክራል? ይቅር! የአፓርታይድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1974 ጥቁር ተማሪዎች ሒሳብን ጨምሮ ግማሹን ትምህርት በአፍሪካንስ እንዲማሩ አዘዘ። ብዙዎቹ አስተማሪዎች እንኳ በቅጡ አይችሉትም ነበር። ጁን 16 ቀን 1976 ጆበርግ ባለው የጥቁሮች ሰፈር በሶዌቶ ተማሪዎች ሰልፍ ሲወጡ ፖሊስ ተኮሰባቸው። ሄክተር ፒተርሰን ሲገደል ገና 12 ዓመቱ ነበር። ዛሬ በስሙ ሙዚየም አለ፤ ቀኑም በየዓመቱ ይታሰባል። እኔ ሎኬሽን (የጥቁሮች ሰፈር) ውስጥ ሱቅ ያለኝ ሰው፣ ደንበኞቼ ልጆቻቸውን የቀበሩበትን ቋንቋ ልጄን ላስተምር?

ሰላም ከደርባን፦ ስሙ ራሱ እኮ በደች "አፍሪካዊ" ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ አልተወለደም፣ ከአፍሪካ ውጭ አገርም የለውም። አፍሪካዊ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

የጆበርጉ፦ ስም ማንም ለራሱ ያወጣል። በ1875 ፓርል ከተማ ላይ "የእውነተኛ አፍሪካነሮች ማኅበር" ብለው የተሰባሰቡት ሰዎች ነጮች ነበሩ። "ለቋንቋችን፣ ለሕዝባችንና ለአገራችን" ሲሉ ሕዝባችን ያሉት ማንን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

የኬፕታውኗ፦ እሱን አልክድም፣ ሶዌቶንም ማንም አይክድም። ግን ታሪኩን ከ1875 ከጀመርከው የእነሱን ትረካ ተቀበልክላቸው ማለት ነው። ደች ወደ ኬፕ፣ ዛሬ ኬፕታውን ወዳለችበት ምድር፣ የመጣው በ1652 ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቋንቋውን ሌላ ነገር ያደረጉት ሥራ ላይ የነበሩት ናቸው፦ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኮይኮይ እረኞች፣ ከማላይና ከህንድ አገር፣ ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ በባርነት የመጡ ሰዎች። እርስ በርስ ለመግባባት ሰበሩት፣ አቀለሉት። ባለ ርስቶቹ ደግሞ "የወጥ ቤት ቋንቋ" እያሉ ይንቁት ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የቦካፕ (የኬፕታውን ሰፈር ነው) ሙስሊሞች በሃይማኖት ትምህርት ቤቶቻቸው በዓረብኛ ፊደል ይጽፉት ነበር፤ የወሎ ሊቃውንት አማርኛን በዐጀሚ እንደጻፉት ማለት ነው። ከኦቶማን መንግሥት የተላኩት ሊቅ አቡበከር ኤፌንዲ በዚሁ ቋንቋ ያዘጋጁት የሃይማኖት መጽሐፍ በ1877 ኢስታንቡል ላይ ታትሟል። የፓርሎቹ ሰዎች ይህን ቋንቋ አነሱና "የእኛ የነጮቹ" አሉት። አሁን አንተም "የነጮቹ ነው" ስትል ለእነሱ እየፈረምክላቸው ነው።

የኪምበርሊው፦ ተባረኪ እህቴ! እኔ ወዳለሁበት ክፍለ ሀገር፣ ኖርዘርን ኬፕ ና እስቲ የጆበርጉ። ደንበኞቼ ከለርዶች (ቅይጥ ዘር ያላቸው) ናቸው፣ ጸዋናዎችም አሉ፣ ሁሉም የሚያወራኝ በአፍሪካንስ ነው። የ2011 ቆጠራ ራሱ አፍ የፈቱበት ከለርዶች 3.4 ሚሊዮን፣ ነጮች ደግሞ 2.7 ሚሊዮን ናቸው ይላል። ብዙኃኑ ተናጋሪ ነጭ አይደለም! ቋንቋውም ለእኛ ሰው አይከብድም፤ ግሱ በእኔ፣ በአንተ፣ በእሷ አይለዋወጥም። አሉታው እንኳ "ኒ" ብሎ ጀምሮ በ"ኒ" ይዘጋል፣ እንደኛ "አል" እና "ም"።

የጆበርጉ፦ ኪምበርሊ ላይ እስማማለሁ፣ እዚያ የሚበላበት ቋንቋ ነው። እኔ የማወራው ጆበርግ ስላለበት ክፍለ ሀገር ስለ ጋውቴንግ ነው። በመላ አገሪቱ እንኳ በ2022 ቆጠራ ዙሉ 24.4 በመቶ፣ አፍሪካንስ 10.6 በመቶ ነው። ታክሲው ዙሉ፣ ሱቁ ዙሉ፣ ጎረቤቱ ዙሉ። በውጭ አገር ሰው ላይ ግርግር የተነሳ ቀን ልጄን የሚያድናት የትኛው ነው?

አዲስ ገቢ፦ እኛስ አማርኛን በግድ...

አስተባባሪ፦ ተሰርዟል። አልኩ እኮ!

የፕሪቶሪያው ጋሼ፦ ልጆች፣ ሁላችሁም ስለ ቋንቋው ትናገራላችሁ፣ እኔን የሚያሳስበኝ በሩ ነው። አንዳንድ በአፍሪካንስ ብቻ የሚያስተምሩ ጥሩ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ልጅ ሲመጣ "ቋንቋችንን አይችልም" ብለው ይመልሳሉ የሚል ክስ ስንት ዓመት ሰማን። በ2024 ፕሬዚዳንት ራማፎሳ የፈረሙት የትምህርት ሕግ በትምህርት ቤት የቋንቋ ፖሊሲ ላይ የመጨረሻውን ቃል ለክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቢሮ ኃላፊ የሰጠው ለዚህ ነው። አፍሪካነሮቹ (አፍሪካንስ ተናጋሪ ነጮቹ) "ቋንቋችን ሊጠፋ ነው" ብለው ሰልፍ ወጡ።

የኬፕታውኗ፦ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም ጋሼ። ፍርድ ቤቱ ራሱ ሁለት ዓይነት ፈርዷል። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2019 ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛን ማስቀደሙን ደገፈ፤ በ2021 ግን የርቀት ትምህርት ዩኒቨርሲቲው ዩኒሳ አፍሪካንስን ያስወጣበትን መንገድ ሕገ ወጥ ብሎ ሻረው። ደግሞ ዩኒቨርሲቲው እንግሊዝኛ ብቻ ሲሆን ቀድሞ የሚጎዳው ሀብታሙ ነጭ አይደለም። እሱ ሁለቱንም ይችላል። ከኬፕ ፍላትስ፣ ከኬፕታውን ዳር ካሉት የድሆች ሰፈሮች፣ የመጣው የከለርድ ልጅ ነው የሚቸገረው።

የጆበርጉ፦ እሺ፣ ታሪኩን ተቀበልኩ እንበል። ልጄ ግን የምታጠናው የቦካፕን ታሪክ አይደለም፤ የመማሪያ መጽሐፉ የማን አነጋገር ነው? የነጮቹ! ያ የከለርዶቹ አፍሪካንስ ክፍል ውስጥ ቢነገር ስህተት ተብሎ ይታረማል።

የኬፕታውኗ፦ እውነት ነው። እዚህ ጋ መልስ የለኝም።

የኪምበርሊው፦ ኪምበርሊ የሚኖር አፍሪካንስ፣ ጆበርግ የሚኖር ዙሉ ያስተምር እንጂ ምን እንጨቃጨቃለን?

የቤኖኒዋ እናት፦ "ያስተምር" ማለት ቀላል ነው። የእኛ ትምህርት ቤት የዙሉ ክፍል የለውም፣ ምርጫ ብለው የሰጡኝ አፍሪካንስ ብቻ ነው። ምን አማራጭ አለኝ?

የፕሪቶሪያው ጋሼ፦ ልጄ፣ የቋንቋ ፖሊሲውን መጀመሪያ የሚያወጣው የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ቦርድ ነው። አብላጫው መቀመጫ የወላጅ ነው፣ ምርጫውም በየሦስት ዓመቱ ነው። ዙሉ ይከፈት ብለሽ ከሌሎች ወላጆች ጋር ፈርማችሁ አቅርቡ። እዚህ ቡድን ውስጥ ስንት ወላጅ ነው ድምፅ ሰጥቶ የሚያውቅ?

የቤኖኒዋ እናት፦ እኔ አላውቅም። ስብሰባው ሁሌ ሱቅ የምንዘጋበት ሰዓት ላይ ነው።