«ጆን ካርተር» ኮራጅ ነው ወይስ የተኮረጀ?

አወያይ፦ ትናንት ማታ «ጆን ካርተር»ን ደግሜ አየሁት። አንድ የአሜሪካ ወታደር ሳያስበው ማርስ ላይ ይደርሳል፣ አራት እጅ ያላቸው አረንጓዴ ፍጡራን እጅ ይወድቃል፣ ልዕልት ያድናል። ታሪኩ የኤድጋር ራይስ በሮውዝ ነው፤ በመጽሔት መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912፣ ፊልሙ የመጣው በ2012። እንዲህ ያለውን ፊልም በምን እንመዝነው?

ባለ ፋንዲሻው፦ በምናየው ነዋ! ቲኬት የቆረጥኩት ለመጽሐፉ ዕድሜ አይደለም። በረሃው «ስታር ዋርስ»፣ ለባዕድ ሕዝብ የሚዋጋው ወታደር «አቫታር»። ምኑ አዲስ ነው?

የድሮ አንባቢ፦ ወንድሜ፣ ይሄ አባትን «ልጅህን ኮርጀሃል» ብሎ መክሰስ ነው። አንዱ የ1977፣ ሌላው የ2009 ፊልም ነው። የ«አቫታር» ዳይሬክተር ጄምስ ካሜሮን እንኳ ፊልሙን ሲያስብ የበሮውዝ ታሪኮች በልቡ እንደነበሩ ራሱ ተናግሯል።

ባለ ፋንዲሻው፦ እሺ፣ አባት ይሁን። ልጆቹ ጨፍረው ከወጡ በኋላ ለደረሰ አባት ግን ማን ያጨበጭባል? ወጪው 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፣ ፊልሙን የሠራው ዲዝኒ 200 ሚሊዮን ያህል ከሰርኩ አለ።

የድሮ አንባቢ፦ ኪሳራው የገበያተኞቹ ነው። «ማርስ» የሚለውን ቃል ከርዕሱ ቆርጠው ጣሉት! ጆን ካርተር ብቻ ሲባል ጠበቃ ይሁን አናጺ ማን ያውቃል?

የፊዚክስ ተማሪዋ፦ እኔን ያሳቀኝ ዝላዩ ነው። የማርስ ስበት የምድርን 38 በመቶ ያህል ነው። እዚህ ግማሽ ሜትር የሚዘል ሰው እዚያ 1 ሜትር ከ30 ቢዘል ነው፤ እሱ ግን እንደ ፌንጣ ገደል ይሻገራል። በሮውዝን አልወቅሰውም፤ በዘመኑ «ማርስ ላይ የመስኖ ቦይ አለ» የሚሉ እንደ ሎውል ያሉ የሥነ ፈለክ ሰዎች ነበሩ። ማሪነር 4 የተባለችው መንኮራኩር ደረቁን መሬት ፎቶ አንስታ የላከችው በ1965 ነው። የ2012ቱ ዳይሬክተር ግን ምን ይላል?

የድሮ አንባቢ፦ እህቴ፣ ተረት ውስጥ ጅብ ሲናገር ጉሮሮው ይመረመራል?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦ ዝላዩን ተዉት። ጀግናው የእኔ ከተማ ያለችበት ግዛት ሰው ነው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጋውም ለደቡቦቹ፣ ባርነት እንዲቀጥል ለሚሹት። መጽሐፉ ይህን እንደ ጨዋነት ማዕረግ ይዞት ያልፋል። ፊልሙ ደግሞ ሚስቱንና ልጁን የቀበረ፣ ጦርነት ያንገፈገፈው ሰው አድርጎታል። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ሐዘኑ ልቤን ነክቶታል፣ አልዋሽም። ግን በሐዘኑ ሸፍነው ለማን ሲዋጋ እንደነበር ሳይጠይቁት ማርስ ላይ ነፃ አውጪ አደረጉት። እኔ ፊልሙን የምመዝነው እዚህ ላይ ነው፦ ከወረሰው ውስጥ ምኑን ለወጠ፣ ምኑን ደበቀ?

የድሮ አንባቢ፦ ይሄኛው ከበደኝ። ልዕልቷን ግን ሳይንቲስትና ተዋጊ አድርገዋታል፤ ይቆጠርላቸው።

ባለ ፋንዲሻው፦ ሳይንቲስት ነበረች እንዴ? እኔ ያየሁት በትርጉም ነው፤ ተራኪው ቀልድ ሲያበዛ አልሰማሁም መሰል።

የድሮ አንባቢ፦ ቲኬት ቆረጥኩ አላልክም?

ባለ ፋንዲሻው፦ ቪዲዮ ቤትም እኮ ይከፈላል!