ሚና ሲገለበጥ ብርሃንና ጥላውም ይገለበጥ?

ብዕረኛዋ (ጠያቂ)፦ ሰላም ወዳጆች። ባለ 24 ምዕራፍ የፋንታሲ ልቦለድ ረቂቅ ነው። ንግሥቲቱ በመጣች ቁጥር ፋኖስ አለ፤ አስማተኛዋ እስረኛ ከጥላ አትወጣም። 14ኛው ምዕራፍ ላይ እስረኛዋ ዙፋኑን ትይዛለች፣ ንግሥቲቱ ወህኒ ትወርዳለች። ካነበቡት ግማሾቹ «ከየት መጣ?»፣ ግማሾቹ «ድሮም አውቀነዋል» አሉ። ብርሃኑን ለእስረኛዋ፣ ጥላውን ለንግሥቲቱ ልስጥ?

አራሚው፦ አትስጪ፤ ያ ልብስ መለዋወጥ ነው። ምስሉ ባለበት ይቆይና ትርጉሙ ይዙር። ፋኖስ አጠገብ የቆመ ሰው ለሁሉም ይታያል እንጂ ጨለማ ውስጥ ያለውን አያይም። ጥላ ውስጥ ያለው ግን ሁሉን ያያል። 2ኛው ምዕራፍ ላይ የንግሥቲቱን ፊት ያሳመረው ፋኖስ 14ኛው ላይ ዓይኗን ያጥበርብራት። የበላይነቱ ከመጀመሪያውም ጥላው ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ ያገኘዋል፣ አስቀድሞ ግን አይገምተውም።

ፊደል ቆጣሪ፦ «ድሮም አውቀነዋል» የሚመጣው ከድግግሞሽ ነው። ረቂቁን አትሚና ብርሃን የተነሳበትን በቢጫ፣ ጥላ የተነሳበትን በሰማያዊ አስምሪ። በአንድ ትዕይንት ከሁለቴ በላይ ከቀለመ ትርፉን ሰርዢ። ፋኖሱን ከግልበጣው በፊት ሦስት ቦታ ላይ ጎላ አድርጊው፦ መጀመሪያ እንደ ተራ ዕቃ፣ ቀጥሎ ሥራ ላይ፣ በመጨረሻ ባልተለመደ እጅ። ሦስተኛውን 13ኛው ላይ እንዳታደርጊው፣ ያስነቃል፤ 10ኛው ወይም 11ኛው ይሻላል።

ተውኔት ወዳድ፦ «ከየት መጣ?» ደግሞ የምክንያት ጉድለት ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል ግልበጣ ከቀደመው ድርጊት የግድ ወይም በሚታመን መንገድ ይምጣ ይላል። ምሳሌው ስለ ንጉሥ ኤዲፐስ የተጻፈው የግሪክ ተውኔት ነው፤ መልእክተኛው ንጉሡን ከስጋት ሊያሳርፍ መጥቶ የንጉሡን እውነተኛ ማንነት በመግለጥ ተቃራኒውን ያደርጋል። ያንቺም ንግሥት በገዛ ትእዛዟ ትውደቅ። የወህኒውን በር መንገደኛ ከከፈተው አጋጣሚ እንጂ ግልበጣ አይባልም።

ብዕረኛዋ፦ አመሰግናለሁ። እስረኛዋ «እርስዎ» ነው የምትለው፣ ንግሥቲቱ «አንቺ»። እሱስ መቼ ይለወጥ?

አራሚው፦ ይኼማ ከፋኖሱም ይበልጣል! እስከ 13ኛው አንዴም አታዛንፊው። ከዚያ እስረኛዋ ከፋኖሱ ጀርባ ሆና፣ «ይቀመጡ» ስትል በኖረችበት አፍ «ተቀመጪ» ትበል፤ ማብራሪያ እንዳትጨምሪ። ንግሥቲቱ ግን ወዲያው «እርስዎ» አትበል፤ ዙፋኑ ከሄደ በኋላም አንድ ምዕራፍ ያህል አንደበቷ ያዝዝ። ተራኪው «ንግሥቲቱ አሉ» ብሎ ከጀመረ እስከ መጨረሻው «አሉ» ይበል፤ እሱም አብሮ ከዞረ ወገን ለየ ማለት ነው።