ስድስት ክፍል ብቻ፦ ተመልካቹ ተከድቷል ወይስ የከፈለበትን አግኝቷል?

የውይይቱ አዘጋጅ፦
በሐዋሳ የምንኖር የፊልም ወዳጆች ባለፈው ቅዳሜ ሳንስማማ የተለያየንበትን ጉዳይ ዛሬ እንቋጨው። «ፓዮኒር ዋን» በኢንተርኔት ብቻ የተሰራጨ የሳይንስ ልብወለድ ድራማ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2010 ተጀምሮ በዲሴምበር 2011 በ6ኛው ክፍል ቆመ፤ ሁለተኛ ምዕራፍ አልመጣም። ታሪኩ ከሰማይ በወደቀ ነገር ይጀምራል። በአሜሪካዋ ሞንታና ግዛት ላይ ጨረር ይበተናል፤ መርማሪዎች ሲደርሱ የሶቪየት የጠፈር ልብስ የለበሰ ልጅ ያገኛሉ። ማርስ ላይ ተወለደ የሚል ፍንጭ አለ። የመጀመሪያው ክፍል 6,000 ዶላር ፈጀ፤ ገንዘቡን ያዋጡት ተመልካቾች ናቸው፤ የቀሩትም በመዋጮ ተሠሩ። አሁን የከተማችን ወጣቶች በዚሁ መንገድ የአማርኛ የሳይንስ ልብወለድ ልንሠራ ነውና አግዙን ብለውናል። እናዋጣ ወይስ ይቅር?

ከአቶቴ፣ ነጋዴ፦
ይቅር። የሰው ገንዘብ ተቀብሎ ታሪክ የጀመረ፣ ታሪኩን የመጨረስ ዕዳ አለበት። የእቁብ ሰብሳቢ ስድስት ዕጣ አውጥቶ «ከዚህ በላይ አልቻልኩም» ቢል ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ስድስቱንም ክፍል አይቻለሁ። ልጁ አሳዘነኝ፣ መርማሪውን አመንኩት፣ የሚቀጥለውን ስጠብቅ ነገሩ በዚያው ቀረ። እኔ ተመልካች ብቻ ሆኜ እንዲህ ካንገበገበኝ፣ ከኪሱ ያወጣው ሰው ምን ይበል?

ከፒያሳ፣ የቪዲዮ አቀናባሪ፦
ወንድሜ፣ በእቁብ እያንዳንዱ ሰው የሚጠብቀው የታወቀ ገንዘብ አለ። እዚህ የተዋጣው ክፍሎቹን ለመሥራት ነበር፤ ክፍሎቹም ተሠርተው ለሕዝብ ቀረቡ። ማን ምን ተነጠቀ?

በዚህ ሥራ ስለምተዳደር 6,000 ዶላር ምን ማለት እንደሆነ ልናገር። በጊዜው ምንዛሪ 80 ሺህ ብር ገደማ ነው። ካሜራው፣ መብራቱ፣ ድምፁ፣ የባለሙያው ምሳና ትራንስፖርት ሁሉ ከዚያች ላይ ይወጣል። ስለዚህ መንኮራኩር ሲበር፣ ከተማ ሲጋይ አታዩም። የምታዩት ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲከራከሩ ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን አሰልቺ ብላችሁታል። እኔ ግን የድራማው ትልቁ ብልሃት ይህ ነው እላለሁ። የሚያስፈራው ከሰማይ የወረደው ልጅ ሳይሆን «ምን እናድርገው?» የሚሉት ሰዎች ፊት ነው። ያንን ለማሳየት ጥሩ ተዋናይና ጥሩ ጽሑፍ ይበቃል። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2010 በኒውዮርክ የቴሌቪዥን ፌስቲቫል በድራማ ዘርፍ የተሸለመውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። አዘጋጆቹ ሥራውን በነፃ ለቀቁት፤ ለንግድ እስካልዋለ ድረስ ቀድቶ ማካፈልንም ፈቀዱ። እኛ አገር ፊልም ባለቤቱ ሳያውቅ በፍላሽ እየተገለበጠ ስንት ሠሪ ባዶ እጁን ቀርቷል። ይህን ድራማ ለጓደኞቼ ስቀዳ ግን የማንንም ላብ አልሰረቅሁም። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ደግሞስ ባለገንዘብ ኩባንያ ይጨርሳል ያለው ማን ነው? «ኤች ፕላስ»ን ተመልከቱ። ከዋርነር ብራዘርስ የመጣ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2012 በዩቲዩብ የጀመረ፣ በሰውነታቸው በተተከለ መሣሪያ ከኢንተርኔት ጋር የተገናኙ ሰዎች በድንገት ስለሚረግፉበት ዓለም የሚተርክ ድራማ ነው። 48 አጫጭር ክፍሎች ነበሩት። እርሱም ከመጀመሪያው ምዕራፍ አላለፈም።

ከታቦር፣ የፊዚክስ መምህር፦
እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ አይደለም፤ የታሪኩ መሠረት ነው። ሶቪየት ኅብረት ሰው ወደ ጨረቃ ለመላክ የሠራችው ኤን-1 ሮኬት እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1972 አራት ጊዜ ተተኩሶ አራቱንም ጊዜ ከሸፈ። ማርስ-3 የተባለችው ሰው አልባ መንኮራኩሯ በዲሴምበር 1971 ማርስ ላይ አረፈች፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ግንኙነቷ ተቋረጠ። ታዲያ ይህችው አገር በድብቅ ሰዎችን እዚያ አኑራ ልጅ አስወለደች? የማርስ ስበት ደግሞ ከምድር ስበት 38 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እዚህ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እዚያ 23 ኪሎ ያህል ሆኖ ይሰማዋል። በዚያ ያደገ ልጅ አጥንቱም ልቡም ምድርን አይችልም። ተማሪዎቼ «ሳይንስ» የሚል ስም ያለበትን ነገር ሲያዩ ሳይንሱ ቢከበርላቸው እወዳለሁ።

ከአሞራ ገደል፣ ነርስ፦
መምህር፣ የጠቀሱት ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ድራማውን አያፈርሰውም። መርማሪዎቹ ራሳቸው ግራ የሚጋቡት ሊሆን የማይችል ነገር ፊታቸው ስለተቀመጠ ነው። ኤን-1 አራቴ ባይከሽፍ ኖሮ ልጁ ምን ምስጢር ይኖረው ነበር? ስለ ሰውነቱ ደግሞ፣ ሩሲያዊው ጠፈርተኛ ቫለሪ ፖልያኮቭ እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1995 ሚር በተባለው የጠፈር ጣቢያ 437 ቀናት ቆይቶ ሲመለስ፣ ተሸክመው ሊያወጡት ሲጠብቁ፣ ከመንኮራኩሩ ወደ ወንበሩ በእግሩ ነው የሄደው። በየዕለቱ ሳያቋርጥ ስፖርት ይሠራ ነበር። የሰው ገላ ከምናስበው በላይ ቻይ ነው።

የፊዚክስ መምህሩ፦
እህቴ፣ ፖልያኮቭ አጥንቱን ያጠነከረው ምድር ላይ አድጎ ነው፤ ለልጁ ማስረጃ አይሆንም። የመጀመሪያውን ነጥብሽን ግን ተቀብያለሁ። ከወጣቶቹ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ጽሑፉን ከመቅረጻቸው በፊት ለሚያውቅ ሰው ያስነብቡ። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ አጠገባችን ነው።

ከአቶቴ፦
የፒያሳው ወንድሜ ያመጣው ምሳሌ አላሳመነኝም። «ኤች ፕላስ» ሲቆም የከሰረው ኩባንያው ነው፤ የራሱን ገንዘብ ነው ያጣው። እዚህ የሚከስረው ጎረቤቴ ነው። ሁለቱ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

ከፒያሳ፦
ይህ ትክክል ነው፤ ለእርሱ መልስ የለኝም። ስለዚህ ለሐዋሳው ሥራ እንዲህ እናድርግ። ጽሑፉ እስከ መጨረሻው ክፍል ተጽፎ ያልቃል፤ ያኔ ነው መዋጮ የሚጠየቀው። ገንዘቡ ባንክ ገብቶ በሁለት ሰው ፊርማ ይወጣል። ማርስም አያስፈልገንም። ዳሎል ማርስን ስለሚመስል ለማርስ አጥኚዎች የታወቀ ስፍራ ቢሆንም ጉዞው ብቻ ገንዘቡን ይጨርሰዋል። አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች በመረባቸው ከሐይቁ የማይታወቅ ብረት አወጡ እንበል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያዋን ሳተላይት አምጥቃለች፤ «የእኛ ናት ወይስ የሌላ?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ስድስት ክፍል ይወጣዋል። ሐይቁ፣ ጀልባው፣ ጀምበር ስትጠልቅ ያለው ብርሃን በነፃ ነው።

ከአቶቴ፦
ጽሑፉ ማለቁን በዓይኔ ካየሁ የመጀመሪያውን ክፍል ድርሻዬን በቴሌብር እልካለሁ። የሁለተኛውን ግን የመጀመሪያው ከታየ በኋላ።

ከአሞራ ገደል፦
ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። «ፓዮኒር ዋን» ስድስት ክፍል ለመጨረስ 18 ወር ፈጅቶበታል። በየክፍሉ ገንዘብ እየተጠበቀ ሲሠራ ተዋናይ ሌላ ሥራ ይይዛል፣ ተመልካችም ይረሳል። የሚሰጥ ሰው የስድስቱንም በአንድ ጊዜ ይስጥ፤ ባንኩና ሁለቱ ፊርማዎች ለዚያ ነው የሚያስፈልጉት። በየክፍሉ እንክፈል ካላችሁ ወጣቶቹን ዛሬውኑ አይሆንም ብንላቸው ይሻላል።